የድሮ ወታደራዊ ካሚዮን በር፦ ዕቃውን መፈለግ፣ ማዛመድና ማስገጠም

ሞተሩ በደንብ የሚነሳ፣ ካምቢዮው ያልተነካ፣ በሩ ግን በሽቦ የታሰረ ኡራል ወይም ዚል (የሶቪየት ካሚዮኖች) ያላየ የጋራዥ ሰው የለም። የሞተር ዕቃ ሲጠፋ ባለሙያው ቁጥሩን ያነባል፣ ይለካል፣ ቶርኖ ቤት ይሄዳል። በር ላይ ሲደርስ ግን "ላሜራ አይደል" ተብሎ በዓይን ግምት ይገዛል፤ ከዚያ በመዶሻ ይደበደባል፣ በብየዳ ይጎተታል፣ በመጨረሻም ወደ ሽቦው ይመለሳል። የበር ሥራ የሚጀምረው ከጋቢናው ነው። የማይገጥም በር ብዙ ጊዜ ትክክለኛ በር ነው፤ የተጣመመው በሩን የሚቀበለው ጋቢና ነው። ዕቃውም የሚዛመደው በስብስብ ነው፦ ማጠፊያ ከነፒኑ፣ ቁልፍ ከነተቀባዩ (የቁልፉ ምላስ ምሰሶው ላይ የሚገባበት ብረት)፣ የመስታወት ማንሻ ከነሐዲዱ።

ከዚህ በታች ያለው አዳማ ላይ ሆኖ ለሚሠራ ሰው የተጻፈ ነው። ሌላ ከተማ ያለም ከገበያው በቀር ሌላው ይሠራለታል።

መጀመሪያ ጋቢናውን ለኩ

መኪናውን ሜዳ ላይ አቁሙ፤ የጎማ ነፋሱን እኩል አድርጉ። ከዚያ ጋቢናው ሻንሲው ላይ የተቀመጠባቸውን ጎሚኒዎች ተመልከቱ። አንዱ ከተጨፈለቀ ጋቢናው ሰያፍ ይጣመምና በሩ ከላይኛው የኋላ ጥግ ላይ ይነክሳል። ይህ የበር ችግር ስላልሆነ በሩን ብትሞርዱት ወይም ብትቆርጡት ትጎዱታላችሁ። ጎሚኒውን ቀይሩ፣ ብሎኖቹን አጥብቁ፣ ከዚያ እንደገና እዩት።

ቀጥሎ የበሩን ፍሬም ሰያፍ ለኩ፦ ከታችኛው የማጠፊያ ጥግ እስከ ላይኛው የቁልፍ ጥግ፣ ከዚያ ደግሞ በተቃራኒው። የካሚዮን በር ፍሬም ትክክለኛ አራት ማዕዘን ስላልሆነ ሁለቱ ሰያፎች እርስ በርስ እኩል አይመጡም፤ እኩል እንዲሆኑም አትጠብቁ። ማወዳደር ያለባችሁ የግራውን ሰያፍ ከቀኙ አቻው ጋር ነው። ልዩነቱ እስከ 3 ሚሊ ሜትር ከሆነ በማጠፊያ ማስተካከያ ይፈታል። ከ5 ሚሊ ካለፈ ግን በር ከመግዛታችሁ በፊት ባትላሜራ ሠራተኛው ጋቢናውን በጃክና በሰንሰለት ይጎትተው።

የፊት ምሰሶውን፣ በተለይ ከታችኛው ማጠፊያ ሥር፣ በካቻቢቴ እጀታ እያንኳኳችሁ ስሙ። ጤነኛ ብረት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የበሰበሰው ደፈን ይላል። አሮጌው በር ገና ካለ ከፍታችሁ ጫፉን ወደ ላይ አንሱና ማጠፊያውንና ምሰሶውን አንድ ላይ ተመልከቱ። ምሰሶው ራሱ አብሮ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ማንኛውም አዲስ በር በጥቂት ወራት ይወርዳል።

አሁን ሻጋታ ሥሩ። 3 ሚሊ ኮምፔንሳቶ ወይም ጠንካራ ካርቶን ወስዳችሁ ፍሬሙ ውስጥ ዙሪያውን 5 ሚሊ ክፍተት ትቶ እንዲገባ ቁረጡት። በላዩ ላይ የእያንዳንዱን የማጠፊያ ብሎን መሐል፣ የቁልፉን ምላስ ከፍታ፣ የመገቻውን (በሩ ከልኩ በላይ እንዳይከፈት የሚይዘውን) ቦታ ምልክት አድርጉ፤ የትኛው ፊት ወደ ውጭ እንደሚሆንና ግራ ወይም ቀኝ መሆኑን በትልቁ ጻፉበት። ገበያ ስትሄዱ ይህን ይዛችሁ ሂዱ። ሻጩ "ይኸው የዚል ነው" ሲላችሁ ሻጋታውን በሩ ላይ አሳርፋችሁ ቀዳዳዎቹን ታያላችሁ፤ ክርክሩ እዚያው ያልቃል።

የማን በር ለማን ይሆናል

አገራችን እ.ኤ.አ. ከ1953ቱ ስምምነት በኋላ የአሜሪካን፣ ከ1977 ወዲህ ደግሞ የሶቪየትን ወታደራዊ መኪና በብዛት ተቀብላለች። ስለዚህ በአንድ ግቢ ውስጥ የሁለቱም በሮች ተደባልቀው መገኘታቸው የተለመደ ነው። ደግነቱ ወታደራዊ ካሚዮን ብቻውን የቆመ መኪና አይደለም፤ ብዙዎቹ ጋቢናቸውን ከሌላ ሞዴል ጋር ይጋራሉ። ፍለጋው የሚሰፋው ይህን ስታውቁ ነው።

የዚል 131 ጋቢና መሠረቱ የሲቪሉ ዚል 130 ነው፤ በሩም ይገጥማል። ዚል 130 እ.ኤ.አ. በ1986 ስሙ ወደ 431410 ተቀይሯል፤ ስለዚህ በዚያ ቁጥር የሚሸጥ በርም ለእናንተ ነው። በድሮ የጭነት ድርጅትና በእርሻ ግቢ የቆመ ሲቪል ዚል ካገኛችሁ የወታደሩን ከመፈለግ ይቀላል።

ኡራል 375ዲ እና ከ1977 ጀምሮ የመጣው ኡራል 4320 አንድ ዓይነት በር ይጠቀማሉ። ሞተራቸው የተለያየ ነው፤ አንዱ ቤንዚን ሌላው ናፍጣ። ይህ ግን በሩን አይመለከተውም። ከዲ በፊት የነበሩት የመጀመሪያዎቹ 375ዎች የሸራ ጣሪያ ጋቢና ስለነበራቸው እነሱን አታደባልቁ።

ከአሜሪካኖቹ ኤም 35 ለፈላጊ እጅግ የተመቸ ነው። ባለ 2.5 ቶኑ ኤም 35፣ ባለ 5 ቶኑ ኤም 54፣ ከዚያ የመጡት የኤም 809 እና የኤም 939 ተከታታዮች የሚጋሩት የበር ቅርጽ አንድ ነው። ስለዚህ ከውጭ ስታስመጡ "የኤም 35 በር" ብላችሁ ብቻ አትጠይቁ፤ የኤም 939 በር በዕድሜው ወጣት ስለሆነ ላሜራው የተሻለ የመሆን ዕድል አለው።

የምሥራቅ ጀርመኑ ኢፋ ደብልዩ 50 ወታደራዊውም ሲቪሉም በአንድ ጋቢና የሚሠራ ነው። ጋዝ 66 ግን ከሌሎቹ ጋዞች የተለየ፣ ወደፊት የሚታጠፍ ጋቢና ስላለው የጋዝ 53 በር አይሆነውም። ክራዝ 255 ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፦ የጋቢናው አጽም እንጨት ሆኖ በላዩ ላሜራ የተለበጠ ነው። የማጠፊያው ብሎን ቢዞርም አልጠብቅ ካለ እንጨቱ በስብሷል ማለት ነው፤ ረዘም ያለ ብሎን ከመክተት ይልቅ የበሰበሰውን እንጨት ቆርጦ በደረቅ ጠንካራ እንጨት መተካት ያስፈልጋል። ዋዝ 469 ካሚዮን ባይሆንም ብዙዎች አብረው ያድሱታል፤ በሩ የታችኛው ብረትና የላይኛው ተነቃይ የመስታወት ፍሬም ተብሎ ለሁለት ይከፈላል፤ ሁለቱን ለየብቻ መፈለግ ይቻላል።

አንድ ማስጠንቀቂያ። የበሩ ቅርጽ አንድ ሆኖ በውስጡ ያለው ቁልፍ፣ እጀታና ማንሻ በየዓመተ ምርቱ ሊለያይ ይችላል። በር ስትገዙ በተቻለ መጠን ከነሆዱ ግዙ። ባዶ በር ርካሽ ይመስላል፤ የጎደለውን ቁልፍ ለመፈለግ የምታወጡት ግን ከበሩ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል።

ቁጥሩን ማንበብ

የሶቪየት ዕቃ ቁጥር ሥርዓት ያለው ነው። ከሰረዙ በፊት ያለው የሞዴሉ ስም ነው፤ ከሰረዙ በኋላ 7 አሃዝ ይከተላል። በር ሁሉ በ61 ይጀምራል። 6100 ሙሉ በር፣ 6101 ባዶው በር፣ 6103 መስታወትና ፍሬሙ፣ 6104 የመስታወት ማንሻ፣ 6105 ቁልፍና እጀታ፣ 6106 ማጠፊያ፣ 6107 የበር ጎሚኒ ነው። የቀረው 3 አሃዝ ዕቃውን ይለያል፤ ጥንድ ሆኖ በሚሠራ ዕቃ ላይ የመጨረሻው አሃዝ ሙሉ ቁጥር ከሆነ ቀኝ፣ ጎዶሎ ከሆነ ግራ ነው። 130-6104010 የዚል የቀኝ መስታወት ማንሻ ሲሆን 130-6104011 የግራው ነው።

ከሰረዙ በፊት ያለው ቁጥር ዕቃው መጀመሪያ የተነደፈለትን ሞዴል ነው የሚነግራችሁ። ስለዚህ ዚል 131 ላይ 130 የሚል፣ ኡራል 4320 ላይ 375 የሚል ቁጥር ብታዩ አትደናገጡ፤ ትክክል ነው።

የአሜሪካው መንገድ ሌላ ነው። ዕቃው ላይ የታተመው ብዙ ጊዜ የኦርዳናንስ (የሠራዊቱ የመሣሪያ ክፍል) ቁጥር ነው። በመጽሐፍና በማሸጊያ ላይ የሚገኘው ደግሞ የስቶክ (የመጋዘን) ቁጥር ነው፤ የሻጮች ዝርዝር የሚሠራው በዚህኛው ነው። እ.ኤ.አ. እስከ 1974 ድረስ የስቶክ ቁጥሩ 11 አሃዝ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ 13 ሆኗል። የድሮውን ወደ አዲሱ ለመቀየር ከመጀመሪያዎቹ 4 አሃዞች ቀጥሎ 00 ማስገባት ነው። በአሮጌ መጽሐፍ ያገኛችሁት ቁጥር በዘመኑ ዝርዝር ላይ "የለም" ከተባለ መጀመሪያ ይህን ሞክሩ። የጋቢናና የአካል ዕቃ ቁጥር በ2510 ይጀምራል። ለኤም 35 የምትፈልጉት መጽሐፍ በቲኤም (የቴክኒክ መመሪያ) 9-2320-209 የሚጀምረው ነው፤ ከኋላው 20ፒ ያለበት የዕቃ ዝርዝርና የተበታተነ ሥዕል ይዟል።

ግራና ቀኝ ሁልጊዜ ሾፌሩ መቀመጫው ላይ ተቀምጦ ወደ ፊት ሲያይ ነው። ከመኪናው ፊት ቆሞ የሚያይ ሻጭ ተገላቢጦሽ ይናገራል። በስልክ ስታዙ "የሾፌር በኩል" ወይም "የረዳት በኩል" በሉ፤ ግራ ቀኝ የሚለውን ተዉት።

የት ይፈለጋል

ከአዳማ ራሷ ጀምሩ። ከተማዋ የጅቡቲ መስመር ላይ ስለሆነች የካሚዮን ባትላሜራ የሚሠሩ ጋራዦች አሉ፤ ግቢያቸው ጥግ ላይ የተወረወረ በር ያለው ጋራዥ ማግኘት ከባድ አይደለም። ለሠራተኛው በቃል ከማስረዳት ይልቅ የበሩን ፎቶና ቁጥር በወረቀት አትማችሁ ስጡት። ቁርጥራጭ ብረት ለሚሰበስቡትም እንዲሁ አድርጉ። ብረት የሚሸጠው በኪሎ ወደ ማቅለጫ ስለሆነ ለእነሱ በር ቀላል ላሜራ ነው፤ ከኪሎ ዋጋው በላይ እንደምትከፍሉ አስቀድመው ካወቁ ሳይቆርጡ ያቆዩላችኋል። ማቅለጫ የገባ በር አይመለስም፤ የእነዚህ መኪናዎች ዕቃ በየዓመቱ እየሳሳ ያለውም በዚህ ምክንያት ነው።

ቀጥሎ አዲስ አበባ ነው፤ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ። መርካቶ ሶማሌ ተራ ያገለገለ የመኪና መለዋወጫ፣ ምናለሽ ተራ ደግሞ ከብረቱ ክምር ውስጥ እጀታ፣ ማጠፊያ፣ ሞላና ፒን ለመፈለግ ይሆናሉ። ሻጋታውን፣ ካሊፐር፣ ማግኔትና አንድ ናሙና ብሎን ይዛችሁ ሂዱ።

የመንግሥት ንብረት በጨረታ ሲወገድም ዕድል አለ፤ አንዳንዴ ሙሉ ጋቢና በአንድ በር ዋጋ ይወጣል። ከማንም ስትገዙ ግን ዕቃው ከየት እንደመጣ የሚያሳይ ደረሰኝ ወይም የጨረታ ወረቀት ጠይቁ። ወታደራዊ ዕቃ ያለ ወረቀት መያዝ የሚያስከትለው ጥያቄ አለ፤ ሻጩ ወረቀት የለኝም ካለ ተዉት።

ከውጭ ለማስመጣት ለሶቪየቶቹ ምሥራቅ አውሮፓ፣ ለአሜሪካኖቹ ደግሞ ራሷ አሜሪካ ናት። በር ግዙፍና ቀላል ስለሆነ የማጓጓዣው ዋጋ ከዕቃው ሊበልጥ ይችላል፤ ማጠፊያ፣ ቁልፍ፣ ማንሻና ጎሚኒ ግን በትንሽ ካርቶን ይመጣሉ። የእኛ ምክር ላሜራውን እዚህ አድኑ፣ የሚንቀሳቀሰውን ዕቃ ከውጭ አምጡ የሚል ነው። ሻጩን ፎቶ ስትጠይቁ ሜትር በላዩ ተዘርግቶ ይሁን፤ ከውጭ፣ ከውስጥ፣ የታችኛው ጠርዝ ከሥር፣ ሁለቱ ማጠፊያዎች በቅርበት፣ የቁልፉ በኩል፣ ቁጥሩ ያለበት ቦታ። የታችኛውን ጠርዝ ፎቶ የማይልክ ሻጭ የሚደብቀው አለው።

ገበያ ላይ በሩን መመርመር

ማግኔቱን በስስ ጨርቅ ጠቅልላችሁ በበሩ ላይ ጎትቱ። የማይዝበት ቦታ ሥሩ ስቱኮ ነው። የመዳፍ ያህል ስቱኮ ችግር የለውም፤ የታችኛው ሩብ በሙሉ ስቱኮ ከሆነ የምትገዙት ቀለም ነው። በሩን ገልብጡና የውጭው ላሜራ በውስጡ ላይ የታጠፈበትን ጠርዝ ተመልከቱ። ዝገት በሁለቱ ላሜራዎች መሐል ገብቶ ሲያብጥ ጠርዙ እንደ ተነፋ ዳቦ ይቆጣል። ያ ጠርዝ በአሸዋ ወረቀት አይድንም፤ ተቆርጦ መተካት አለበት።

መጣመሙን ለማወቅ ሁለት ክር በቂ ነው። በውስጠኛው ጠርዝ ላይ ከጥግ እስከ ጥግ ሰያፍ ሁለት ክር ወጥሩ። ክሮቹ መሐል ላይ ሲገናኙ ከተነካኩ በሩ ቀጥ ያለ ነው። በመካከላቸው 4 ሚሊ ክፍተት ካለ አንዱ ጥግ 8 ሚሊ ያህል ተነስቷል ማለት ነው። ከዚያ ክሮቹን በተቃራኒው ደራርቡና እንደገና እዩ፤ አንዱ ክር በሌላው ላይ ተጭኖ መጣመሙን ደብቆ ይሆናል።

ቁልፉን በካቻቢቴ እየገፋችሁ ሞክሩት፤ ምላሱ በራሱ ሞላ መመለስ አለበት። የማንሻውን ዘንግ ጥርስ እዩ። ጥርሱ የተበላ ዘንግ አዲስ እጀታ ቢገባለትም ይሸሻል።

ብሎን ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የአሜሪካው ብሎን በኢንች፣ የሶቪየቱ በሚሊ ነው። የ5/16 ኢንች ብሎን ውፍረቱ 7.94 ሚሊ ስለሆነ ከ8 ሚሊው ጋር በዓይን አይለይም። ጭንቅላቱም 12.7 ሚሊ ስለሆነ 13 ቁጥር መፍቻ ሁለቱንም ይይዛል። የጥርሱ ርቀት ግን ይለያል፦ 8 ሚሊው 1.25 ሚሊ፣ የ5/16 ሸካራው 1.41፣ ቀጭኑ 1.06 ነው። ስለዚህ 8 ሚሊ ብሎን በኤም 35 ምሰሶ ውስጥ አንድ ሁለት ዙር ይገባና ይነክሳል። እዚያ ላይ በጉልበት ከተገፋ ጥርሱን በልቶ ይቆማል። ጥርሱ ያለፈበትን ቀዳዳ በ8 ሚሊ ታፕ (ጥርስ ማውጫ) ማደስም አይሆንም፤ የሚይዝ ብረት አይተርፍም። ቀዳዳው ውስጥ ያለው ብረት ከተበላ ወይ ቡሺንግ (ቀዳዳው ውስጥ የሚገጠም የብረት ቀለበት) አስገብታችሁ በመጀመሪያው ልክ አስወጡት፣ ወይም ወደ ቀጣዩ ትልቅ ልክ ሂዱ።

ማጠፊያ፦ የበር መውረድ ምንጭ

በር የሚወርደው በአብዛኛው ፒንና ቀዳዳው ተፋጭተው ስለሰፉ ነው። ትንሿ ልቅነት የምትሰፋበትን መንገድ ማወቅ ይጠቅማል። በሩ 80 ሳንቲ ሜትር ስፋት ኖሮት ሁለቱ ማጠፊያዎች በ40 ሳንቲ ሜትር ቢራራቁ፣ ላይኛው ማጠፊያ ላይ ያለ የግማሽ ሚሊ ልቅነት የቁልፉ በኩል 1 ሚሊ ሆኖ ይወርዳል። 2 ሚሊ ልቅነት 4 ሚሊ ይሆናል፤ በዚያን ጊዜ ምላሱ ተቀባዩን ይስታል። ሰው ይህን ሲያይ ተቀባዩን ዝቅ ያደርጋል። አንድ ወር ይሠራል፤ ከዚያ ማጠፊያው የበለጠ ይሰፋል።

ትክክለኛው ሥራ ይኸው ነው። ፒኑን አውጥታችሁ በካሊፐር ሦስት ቦታ ለኩት፦ ሁለቱ ጫፎችና መሐሉ። ጫፎቹ ብዙ ጊዜ ያልተበሉ ስለሆኑ የፋብሪካውን ልክ ይነግሯችኋል። ከዚያ ቀዳዳውን በሁለት አቅጣጫ ለኩ፤ ሞላላ ከሆነ ፒን ብቻ መቀየር ዋጋ የለውም። ሁለት መፍትሔ አለ። ቀዳዳው በትንሹ ከሰፋ፣ ለምሳሌ 10 ሚሊው 10.4 ከሆነ፣ ማጠፊያውን ሞርሳ ላይ አስራችሁ በሪመር (ቀዳዳን በትክክል የሚያሰፋ መሣሪያ) ወደ 11 ሚሊ ከፍ አድርጉና ቶርኖ ቤት 11 ሚሊ ፒን አስወጡ። የበለጠ ከተበላ ቀዳዳውን አስፍታችሁ የነሐስ ቡሺንግ አስገቡ፤ ያኔ ፒኑ በመጀመሪያው ልክ ይሆናል፤ ወደፊትም ቡሺንጉ ብቻ ይቀየራል። በእጅ ድሪል ብቻ አትክፈቱ፤ ቀዳዳው ጠማማ ይወጣና በሩ ሲከፈት ይነሳል፣ ሲዘጋ ይወርዳል። ለፒኑ የግንባታ ፌሮ አይሆንም። የአሮጌ ካሚዮን ቫልቭ ግንድ ወይም የሾክ አብሶርበር ዘንግ ጠንካራና ለስላሳ ስለሆነ ቶርኖ ቤቱ ልክ የሆነ ካገኘ ይመረጣል።

የማጠፊያውን ብሎኖች ከምሰሶው ስትፈቱ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አታውጡ። በብዙ ጋቢናዎች ብሎኖቹ የሚገቡት በምሰሶው ውስጥ ልቅ ሆኖ በተቀመጠ ወፍራም ሳህን ላይ ነው፤ መያዣው ከዛገ ሳህኑ ወደ ምሰሶው ሆድ ይወድቃል፤ ለማውጣትም መቁረጥ ይመጣል። አንዱን ብሎን ትታችሁ ሌሎቹን ካወጣችሁ በኋላ በነፃው ቀዳዳ ረዘም ያለ ብሎን አስገብታችሁ ሳህኑን ያዙ፤ ከዚያ የቀረውን ፍቱ።

ላሜራውን ማዳን

የበሰበሰው ብዙ ጊዜ ከታች 10 ወይም 15 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። የአሮጌውን ላሜራ ውፍረት ቀለሙ በተነሳበት ቦታ ለኩና በዚያው ውፍረት ተኩ። ወፍራም ይሻላል ብሎ 1.5 ሚሊ መለጠፍ በሩን ያከብዳል፤ በስሱና በወፍራሙ ድንበር ላይም ይሰነጠቃል። ስስ ላሜራን በ2.5 ኤሌክትሮድ መበየድ ቀዳዳ ማብዛት ነው። በሲኦቱ ማሽን፣ በ0.6 ወይም 0.8 ሽቦ፣ ነጥብ በነጥብ ሥሩ፤ አንዱን ነጥብ ከመታችሁ በኋላ ወደ ሌላኛው ጫፍ ሂዱ፣ ከዚያ ወደ መሐል፣ ነጥቦቹ መጀመሪያ ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ይራራቁ። ቀጥታ መስመር እየጎተቱ ከበየዱ ላሜራው በሙቀት ተጨማዶ ሞገድ ይሠራል፤ ያን ሞገድ የሚደብቅ ስቱኮ የለም። ዚል 131 እና ኡራል 375ዲ ቤንዚን መኪኖች ናቸው፤ በሩን አውጥታችሁ ከመኪናው ርቃችሁ በይዱ።

ከሥር ያሉትን የውኃ መውጫ ቀዳዳዎች አትድፈኑ። ከጠፉ 8 ሚሊ የሆኑ ሦስት ቀዳዳዎች ክፈቱ። የአዳማ አቧራ ስስ ነው፤ በበሩ ውስጥ ይጠራቀምና በክረምት ዝናብ ጭቃ ሆኖ ለሳምንታት እርጥብ ይቆያል። የታችኛው ጠርዝ ከውስጥ የሚበላው በዚህ ነው። ፀረ ዝገት ቀለሙን ከውስጥም ቀቡ፤ ሲደርቅ ቀዳዳዎቹን በሽቦ እንደገና ክፈቱ።

ማስገጠም

ጎሚኒውንና የቁልፉን ተቀባይ አንሱ። ሁለቱ ካሉ በሩ የት እንደሚነካ አታዩም። በሩን በጃክና በእንጨት ደግፉ፤ መጀመሪያ የላይኛውን ማጠፊያ፣ ቀጥሎ የታችኛውን በእጅ ብቻ አስሩ። ከ5 እስከ 6 ሚሊ ውፍረት ያላቸው የኮምፔንሳቶ ቁራጮች ዙሪያውን ጠቅጥቁ፣ በሩን ዝጉ፣ በዚያ ሁኔታ ብሎኖቹን አጥብቁ። ቁራጮቹን አውጥታችሁ ክፈቱና ዝጉ።

በሩ ገና ባዶ ከሆነ የቁልፉን በኩል 2 ሚሊ ያህል ከፍ አድርጋችሁ ተዉት። መስታወቱ፣ ማንሻውና ቁልፉ ሲገቡ ክብደታቸው ያወርደዋል። ባዶውን በር አሳምሮ አስተካክሎ፣ መስታወት ከገባ በኋላ ለምን እንደወረደ የሚገረም ብዙ ነው።

ተቀባዩ የሚታሰረው በመጨረሻ ነው። ምላሱ ላይ ትንሽ ግሪስ ቀብታችሁ በቀስታ ዝጉ፤ ተቀባዩ ላይ የቀረው ምልክት መሐሉ ላይ መሆን አለበት። በሩ ሲዘጋ ወደ ላይ ከዘለለ ተቀባዩ ከፍ ብሏል፤ ክብደቱን የሚሸከመው ማጠፊያው እንጂ ተቀባዩ እንዳይሆን ዝቅ አድርጉት።

መስታወትና ማንሻ

የማንሻው ጥቅል ሞላ ሁልጊዜ ተወጥሮ ነው ያለው። ማንሻውን ከበሩ ከማውጣታችሁ በፊት ክንዱን ከጠፍጣፋው አካሉ ጋር በብሎን ወይም በወፍራም ሽቦ እሰሩት፤ ሳይታሰር ጥርሱ ከተላቀቀ ክንዱ ጣት ይሰብራል።

በእነዚህ ካሚዮኖች የሚወርደው የበር መስታወት ዝርግ ስለሆነ እዚሁ ማስቆረጥ ይቻላል። ሙቀት የተሰጠው ጠንካራ መስታወት ግን አንዴ ከተሠራ አይቆረጥም፤ መቁረጫ ሲነካው ይፈርሳል። መሐሉ ፕላስቲክ ያለበትን ድርብ አስቆርጡ። 3 እና 3 ሚሊ ሆኖ 0.38 ፕላስቲክ ያለው ድምሩ 6.38 ስለሆነ ለሩብ ኢንች፣ ማለትም ለ6.35 ሚሊ የተሠራ የአሜሪካ ሐዲድ ውስጥ ይገባል። የሶቪየቱን ሐዲድ ስፋት ለብቻው ለኩ። ፌልቱ (የውስጥ ጨርቅ ልባሱ) የተበላ ሐዲድ ውስጥ አዲስ መስታወት አታስገቡ፤ አሸዋ ይዞ ሲወጣና ሲወርድ መስታወቱን ይቧጭራል።

ጎሚኒና መገቻ

ጎሚኒው የሚለጠፈው ክፍተቱ ከተስተካከለ በኋላ ነው። ልኩ የሚታወቀው በሩ ሲዘጋ ግማሽ ያህሉ ሲጨመቅ ነው። በጣም ወፍራም ከሆነ በሩን በጉልበት መዝጋት ይመጣል፤ ያ ጉልበት ደግሞ ማጠፊያውን ይበላል። የጋዜጣ ወረቀት ቁራጭ በበሩና በጎሚኒው መሐል አድርጋችሁ ዝጉና ጎትቱ፤ ዙሪያውን በየ10 ሳንቲ ሜትሩ ሞክሩ። በቀላሉ የሚወጣበት ቦታ አቧራ የሚገባበት ነው። ማስቲሹን በሁለቱም ገጽ ቀብታችሁ እስኪደርቅ ጠብቁ፤ የጎሚኒው መጋጠሚያ ከላይ ሳይሆን ከታች ይሁን።

መገቻውን፣ ማለትም በሩ ከልኩ በላይ እንዳይከፈት የሚይዘውን ቀበቶ ወይም ዘንግ፣ እንደ ትርፍ ዕቃ የሚያይ ብዙ ነው። በአዳማ ነፋስ ግን ያለ መገቻ የተከፈተ በር ወደ ኋላ ይገረፋል፤ በማጠፊያው አጠገብ ያለው ላሜራ ይታጠፋል፣ ምሰሶውም ይሰነጠቃል። የፋብሪካው ከሌለ ከወፍራም የማሽን ቀበቶ 4 ሳንቲ ሜትር ስፋት ቆርጣችሁ በሁለቱም ጫፍ የብረት ሳህን አድርጋችሁ እሰሩ። ርዝመቱን የምትወስኑት በሩ ከሙሉ መከፈቻው ትንሽ ቀድሞ እንዲቆም አድርጋችሁ ነው።

በመጨረሻ ጋቢናው ውስጥ አንድ ሰው አስቀምጣችሁ ከላይ ወደ ታች ውኃ ልቀቁ፤ ውኃው በሥር ባሉት ቀዳዳዎች እየወጣ መሆኑን እዩ። ፒኖቹን ዘይት አጠጡ፤ ከ300 ኪሎ ሜትር ጉዞ በኋላ የማጠፊያውን ብሎኖች እንደገና አጥብቁና የቁልፉን በኩል ክፍተት ለኩ። ከ1 ሚሊ በላይ ከወረደ ተቀባዩን ሳትነኩ ወደ ላይኛው ማጠፊያ ተመለሱ።